ለባልደረባችን ያለብን ውለታ

ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ በጋራ ከጀመሩ በኋላ ከሁለቱ አንደኛው ለዚያ ሥራ የበለጠ የሚስማማ ሌላ ሰው ቢያገኝ፣ የቀድሞ ባልደረባውን ትቶ ከአዲሱ ጋር መቀጠል ይገባዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በንግድ ማኅበር፣ በመሥሪያ ቤት፣ በመዘምራን ቡድን፣ በቁምስና ምክር ቤትም ሳይቀር ይነሣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ በሹክሹክታና በቅሬታ ተሸፍኖ ስለሚያልፍ፣ ትክክለኛው የቱ እንደ ሆነ ረጋ ብለን አንመረምረውም። እዚህ ላይ የምናየው ለአገራችን ሰው እንግዳ ከሆነ ስፖርት የተገኘ እውነተኛ ታሪክ ነው። የመረጥነውም በዚያ ስፖርት የሁለት ሰዎች መደጋገፍ፣ የአንደኛውም መተው፣ ያለ መጋረጃ ስለሚታይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ ቦብስሌይ ይባላል። በበረዶ በተለበጠ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ፣ ከታቹ ብረት በተገጠመለትና ጀልባ በሚመስል ተንሸራታች ቁልቁል የሚደረግ ውድድር ነው። በሴቶች የጥንድ ውድድር አንደኛዋ ነጂ፣ ሁለተኛዋ ገፊ ናት። በመነሻው ላይ ሁለቱም ተንሸራታቹን እየገፉ በሙሉ ኀይላቸው ይሮጣሉ። ነጂዋ ቀድማ ትገባለች፤ ገፊዋ ተከትላ ዘላ ከኋላዋ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ነጂዋ ፊት ለፊቷን እያየች ትመራለች። ገፊዋ ግን አንገቷን ደፍታ፣ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ስትከንፍ ምንም ሳታይ፣ በባልደረባዋ እጅ ሕይወቷን አኑራ ትወርዳለች። ቀና የምትለው ፍሬን ለመያዝ ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የሚለዩት በሴኮንድ መቶኛ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ግፊት የውድድሩን ዕጣ ሊወስን ይችላል። ስለዚህም ነጂዎች ብርቱ ገፊ ሲፈልጉ ይኖራሉ።

ቮኔታ ፍላወርስ በ1973 በአሜሪካ ደቡብ፣ በረዶ እምብዛም በማይጥልባት በበርሚንግሃም አላባማ ተወለደች። በዚያው ከተማ በሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ርቀት ሯጭና የርዝመት ዝላይ አትሌት ነበረች። ምኞቷም በበጋው ኦሎምፒክ አገሯን ወክላ መወዳደር ነበር። ይሁን እንጂ በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ማጣሪያ ሳይሳካላት ቀረ። ወዲያውም ባለቤቷ ለቦብስሌይ አትሌቶች እንደሚፈለጉ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየ። ፍላወርስ ሞከረች፤ ተመረጠች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም በዓለም ላይ ከታወቁት ገፊዎች አንዷ ሆነች። የሴቶች ቦብስሌይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የገባው በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ስለ ነበር፣ ጊዜውም ለእርሷ የተመቸ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን የሚያደርሰን የዚያ ክረምት ታሪክ ነው። ከአሜሪካ ነጂዎች ግንባር ቀደሟ ጂን ራሲን ነበረች። እርሷና ገፊዋ ጄን ዴቪድሰን በዓለም ዋንጫ አብረው ያሸነፉ፣ በጓደኝነታቸውም የታወቁ ነበሩ። ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ግን ራሲን ጓደኛዋን ትታ ጊያ ጆንሰን የተባለችውን አትሌት መረጠች። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጣ። ነገር ግን ተመሳሳይ ነገር በሁለተኛው ቡድንም ሆኖ ነበር። ጂል ባከን የተባለችው ነጂ ቀድሞ ትገፋላት የነበረችውን ሾና ሮቦክን ትታ ፍላወርስን ወስዳ ነበርና። ስለዚህ ፍላወርስ ራሷ የተቀመጠችው ሌላ ሰው በለቀቀው ቦታ ላይ ነው። ይህን ሳንዘነጋ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጆንሰን የጭን ጅማቷ ተጎዳ። ራሲን ወደ ፍላወርስ መጥታ ከእርሷ ጋር እንድትወዳደር ጠየቀቻት። ግብዣው ቀላል አልነበረም፤ ባከንና ፍላወርስ የአገሪቱ ሁለተኛ ቡድን ነበሩ፤ ለሜዳሊያ የበለጠ ተስፋ የተጣለው በራሲን ነበር። ፍላወርስ ግን ባከንን አልተውም ብላ እንቢ አለች። የካቲት ላይ፣ እንደ አውሮፓውያን በፌብሩዋሪ 19 ቀን፣ ባከንና ፍላወርስ ጀርመኖቹን በ0.30 ሴኮንድ ቀድመው ወርቅ አገኙ። ራሲንና የተጎዳችው ጆንሰን አምስተኛ ሆኑ። አሜሪካ በቦብስሌይ ሜዳሊያ ካገኘች 46 ዓመት ሆኗት ነበር። ፍላወርስም በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አትሌት ሆነች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ትምህርቱ ቀላል ይመስላል፤ ታማኝ ተሸለመ፣ ከዳተኛ ተቀጣ። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ግን ሁለት ጊዜ ያስተናል። አንደኛ፣ ወርቁ የፍላወርስን እንቢታ ትክክል አላደረገውም። በዚያ ቀን አንድ ጥምዝ ላይ ተሳስተው አምስተኛ ቢሆኑ ኖሮ እንቢታዋ ያው ትክክል ይሆን ነበር። ውጤት የምግባር ዳኛ አይደለም። ሁለተኛ፣ ባልደረባን መተው ሁሉ ክሕደት ቢሆን ኖሮ፣ ባከንም በሮቦክ ላይ ባደረገችው ከራሲን እኩል በተወቀሰች ነበር። እኛ ግን ያሸነፈችውን ይቅር ብለን የተሸነፈችውን ብቻ እንወቅሳለን። ይህ ደግሞ ፍርድ ሳይሆን ለአሸናፊ ማዳላት ነው።

ስለዚህ በሁለቱም ወገን ያለውን እውነት መመዘን ያስፈልጋል። ጥንታዊው ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ፍትሕ ሲጽፍ፣ የተሻለው ዋሽንት በትውልድ ለሚበልጠው ሳይሆን በመንፋት ለሚበልጠው ሊሰጥ ይገባል ይላል። በተንሸራታቹ ውስጥ ያለው ቦታም የነጂዋ ወይም የገፊዋ ርስት አይደለም። የተሻለ የሚገፋ ሰው እያለ ቦታውን በጓደኝነት ብቻ መያዝ፣ ለዓመታት ላባቸውን ያፈሰሱትን ሌሎች መበደል ይሆናል። በሮቦክ ቦታ ላይ ፈተናን አልፎ የሚገባ ሰው አይኑር ቢባል ኖሮ ፍላወርስ ራሷ ባልታየች ነበር። እንግዲህ ችሎታን መምረጥ በራሱ ኀጢአት አይደለም።

ነገር ግን ፍትሕ የሚያዘው ዕዳ ሁሉ በሕግ የሚከፈል ብቻ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ስለ ምስጋና ሲያስተምር፣ ሕግ የሚያስከፍለውን ዕዳና የሰው ክብርና ቅንነት የሚያስከፍለውን ዕዳ ለይቶ ያያል። የእኛም ቋንቋ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው ውለታ ነው። ዕዳ ተቆጥሮ ይከፈላል፣ ይዘጋል። ውለታ ግን ልኩ ስለማይታወቅ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን እንጂ «ከፍዬ ጨረስሁ» አንልም። ዴቪድሰንም ሆነች ሮቦክ በኦሎምፒክ ቦታ የማግኘት የሕግ መብት አልነበራቸው ይሆናል። ከኋላ ሆነው ለገፉት ግፊት፣ አንገታቸውን ደፍተው ለሰጡት አመኔታ ግን ውለታ ነበራቸው። የዚህን ውለታ ባለቤት እንደ አሮጌ ዕቃ ለውጦ መሄድ አይቻልም።

ይኸው መምህር የውለታ ቢስነትን ደረጃዎች ሲዘረዝር፣ የመጀመሪያው የተደረገልንን አለመመለስ፣ ሁለተኛው እንደ ተደረገልን በግልጽ አለመናገር፣ ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጨርሶ መርሳት ነው ይላል። ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። አንድ ሰው ባልደረባውን ለመተው የሚገደድበት ጊዜ አለ፤ ለመርሳት የሚገደድበት ጊዜ ግን የለም። ቦታውን ለሌላ ልንሰጥ እንችላለን፤ እስከዚያ ድረስ ያደረሰን ማን እንደ ሆነ መናገርን ግን ማንም አይከለክለንም። ብዙ ጊዜ የሚያቆስለውም ቦታ ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከተተዉ በኋላ ያ ሁሉ ድካም እንዳልነበረ ሲቆጠር ማየቱ ነው።

እንግዲያው የፍላወርስን እንቢታ ከሌሎቹ ምርጫዎች የሚለየው ምንድር ነው? ጊዜውና የተሰጠው ቃል ነው። በፈተና ወቅት፣ ማንም ለማንም ቃል ሳይሰጥ፣ የተሻለውን መምረጥ አንድ ነገር ነው። ጥንዱ ከተወሰነ፣ አንደኛዋ ሌላዋን ተማምና ከተዘጋጀች በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ባከን ሌላ ገፊ ለመፈለግና ከእርሷ ጋር ለመለማመድ ጊዜ አልነበራትም። ፍላወርስ ብትሄድ ኖሮ ለራሷ የተሻለ ዕድል የምትገዛው በባልደረባዋ ኪሳራ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ የቀረበላት ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» የሚል አልነበረም፤ «ባንቺ የተማመነችውን ታሳፍሪያታለሽን?» የሚል ነበር።

የታሪኩ ፍጻሜም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሾና ሮቦክ በ2002 ተጠባባቂ ሆና ብትቀርም ስፖርቱን አልተወችም። ነጂ ሆና በ2006 በቱሪን ከቫለሪ ፍሌሚንግ ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ፍላወርስም በዚያው ኦሎምፒክ ተወዳድራ ስድስተኛ ወጣች። ነጂዋም ያቺው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግብዣዋን ያልተቀበለቻት ጂን ራሲን ነበረች። በዚህ ጊዜ የሚከዳ ባልደረባ አልነበረምና አብሮ መሥራቱ ነውር አልነበረውም። ታማኝነት ቂም አይደለም፤ ዕድሜ ልክ አንድ ሰው ላይ መጣበቅም አይደለም። በሰጡት ቃል ጊዜ ውስጥ መጽናት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በየቁምስናችን መዘምራንን የምንመርጥ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን የምንመድብ፣ ኮሚቴ የምናዋቅር ሁላችን ይህ ይመለከተናል። የተሻለ ሰው ሲገኝ ቦታ መስጠት ተገቢ ነው። ነገር ግን አስቀድመን ሦስት ነገሮችን ራሳችንን እንጠይቅ። የሰጠነው ቃል አለን? የምንተወው ሰው ከእኛ ከራሳችን አፍ፣ በጊዜው ሰምቷልን? የሠራውንስ ሥራ በሕዝብ ፊት ስሙን ጠርተን መስክረንለታልን? የመጀመሪያው መልስ «አዎን» ከሆነ እንጽና። የቀሩት ሁለቱ «አልሰማም፣ አልመሰከርንም» የሚሉ ከሆኑ ደግሞ ለውጡ አንድ ሳምንት ይዘግይ፤ አስቀድመንም ወደዚያ ሰው ቤት እንሂድ።