የማስረዳት ዕዳ

አንድ ሰው የሚያውቀውን ለማያውቀው የማስረዳት ግዴታ አለበት ወይስ ሲያስረዳ ችሮታ ነው የሚያደርገው? ጥያቄው ያረጀ ነው። እኛ ግን ያገኘነው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ ባለፈው ሴሚስተር ለአድቫንስድ ካልኩለስ ፈተና ስንቸክል፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጠመኔ በነካው እጃችን ዳቦ እየቆረስን ነው።

አምስት ነበርን። ሦስቱ የሂሳብ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለታችን ደግሞ «ፍልስፍና ያለ ሂሳብ ጎደሎ ነው» የሚል ወሬ ሰምተን በገዛ እጃችን ኮርሱ ውስጥ የገባን የፍልስፍና ተማሪዎች። (ወሬውን ያመጣብን ሰው ከዚያ ወዲህ አልታየም።) ማታ ማታ ባዶ ክፍል እንፈልግና አንዱ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ሌሎቻችን እንሟገታለን። ስድስተኛው ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ገጠር ብዙ ዘመን አስተምረው ለዲግሪ የመጡ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ የክፍል ጓደኛችን ናቸው። «ጋሼ» የምንላቸው ግማሹን ከአክብሮት፣ ግማሹን ለጨዋታ ነው።

ጋሼ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ያልገባቸውን ነገር አያልፉም። «ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ልጠይቃችሁ» ካሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የያዙት ጥያቄ ይህ ነበር። እያንዳንዳቸው ሳይቆራረጡ የሚሄዱ ፈንክሽኖች በተራ እየተከታተሉ ወደ አንድ ፈንክሽን ቢጠጉ፣ ያ የሚጠጉት ፈንክሽን ስለምን ይቆረጣል? «ሁሉም ደኅና ከሆኑ መጨረሻቸው እንዴት ይበላሻል?» ይሉናል። የቲዎረሙን ቁጥር ነገርናቸው። አልበቃቸውም። አንዳችን «ጋሼ፣ ይሄማ ግልጽ ነው እኮ፤ ይሸምድዱትና እንለፍ» አለ።

በማግሥቱ ክፍል ቀየርን። አልነገርናቸውም።

ሐሳቡን ያመጣው ጓደኛችን ክፉ ሰው አይደለም። ማስጠንቀቂያ ላይ ነበር፤ ያን ኮርስ ቢወድቅ ይባረራል። «እኔ ብባረር ሻንጣዬን ይዞ እናቴ ደጃፍ የሚቆመው ማነው? እሳቸው ናቸው?» አለን። በዚያ ላይ ማርኩ በከርቭ ነው። በከርቭ ደግሞ የአንዱ ከፍ ማለት ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጋሼን ማስረዳት በራስ ትከሻ ላይ ሰው ማቆም ሆነብን። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ያኔ መልስ አላገኘንለትም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግንለትም።

ለመሆኑ ማስረዳት ከአስረጂው ይቀንሳል? ዩሪ ትራይስማን የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ ውስጥ፣ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ማደሪያቸው ድረስ ሄዶ አጠና። መምህራኑ ስንፍና ነው፣ የመሠረት ማነስ ነው ይሉ ነበር። እሱ ያገኘው ሌላ ነው። ጥቁሮቹ ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ያጠናሉ፤ የቻይና ተወላጆቹ ግን መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ማታ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል። ከዚያ በኋላ ትራይስማን ከባድ ከባድ ጥያቄ በኅብረት የሚሠራበት ቡድን አቋቋመ፤ ውጤቱም ተለወጠ። ይህን ስናነብ ደስ አለን። ግን ደስታችን ብዙ አልቆየም። ይህ የሚያሳየው ማስረዳት እንደሚጠቅም ነው እንጂ ግዴታ መሆኑን አይደለም። ስለሚጠቅመኝ ካስረዳሁ ነግጃለሁ። ጋሼ ደግሞ በእኛ ሂሳብ አያተርፉም ነበር።

ፈተናው መጣ። የጋሼ ጥያቄ አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ለሕፃናት የሚነገር ተረት ይሆን ነበር። ጓደኛችን አለፈ፤ ሁላችንም አለፍን። እንግዲህ ማንም ካልተጎዳ፣ ያደረግነው ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ነገሩን እንደገና ያነሣብን ቤተ መጻሕፍት ነው። አንዳችን ስለ ሎጂክ ታሪክ ሲያገላብጥ የጋሼን ጥያቄ አገኘው። ታላቁ ፈረንሳዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው መማሪያ መጽሐፍ፣ ያልተቆራረጡ ፈንክሽኖች ተደምረው የሚጠጉት ነገርም አይቆራረጥም ብሎ ጽፏል፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት። ዛሬ በምንረዳው ትርጉም ስሕተት ነው። ኖርዌያዊው ወጣት አቤል በ1826 ነገሩ የማይሠራበት ቦታ እንዳለ አመለከተ፤ ጉድለቱ ምን ላይ እንደሆነ ስቶክስና ዛይደል እስኪለዩት ድረስ ግን 1840ዎቹ ወደ ማለቂያቸው ተቃርበው ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀባቸውን ነገር ጋሼን በግማሽ ሰዓት ካልገባዎ ብለን ሸሸናቸው። ያውም አንቱ እያልን።

የዚያን ዕለት ማታ አምስታችን ቁጭ ብለን ሞከርነው፤ ግልጽ ነው ያለውም ሳይቀር አላወቀውም ነበር። ቀላሉ ምሳሌ ይኸውና። ከ1 የሚያንስ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ሲባዛ ወደ ዜሮ ይወርዳል። 0.9ን 50 ጊዜ አባዙት፤ ከ0.01 በታች ነው። 0.99 ግን 50 ጊዜ ተባዝቶ ገና 0.6 ላይ ነው፤ ከ0.01 በታች ለመድረስ ከ450 ጊዜ በላይ ይፈልጋል። 0.999 ደግሞ ከ4600 በላይ። 1 ራሱ ንቅንቅ አይልም፤ መቆረጡም የሚመጣው እዚያ ጋ ነው። ከ1 በታች ያለው ሁሉ ይደርሳል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያደርስ አንድ ቁጥር ግን የለም። ፈተና ማለት እኮ ያንን አንድ ቁጥር ቆርጦ ለሁሉም መስጠት ነው። (ምሳሌውን ከዚህ በላይ አንለጥጠውም፤ የሂሳብ ጓደኞቻችን ይቆጡናል።)

በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ ቸር ነው ብሎ የሚያመሰግነው የለም፤ እሱንም ያስቀጸለው ነበረና። ዕዳ የምንለው ይህን ነው። አበዳሪው አንድ ሰው አይደለም፤ የሚከፈለውም ለአበዳሪው አይደለም። ያ ማስጠንቀቂያ ላይ የነበረው ጓደኛችን የገጠር ልጅ ነው። ማካፈል እምቢ ብሎት ሲያለቅስ፣ አንድ መምህር ሌላው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ በጠጠር እየቆጠሩ እንዳስረዱት ራሱ ነው የነገረን። ጋሼም ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። ምናልባት ጊዜ የለንም የማለት መብት ነበረን። እሱን ግን ፊት ለፊት አላልንም፤ ክፍል ነው የቀየርን። መብታችን መሆኑን አምነንበት ቢሆን መደበቅ ምን አስፈለገን?

ባለፈው ሳምንት ካፌው በር ላይ ጋሼን አገኘናቸው። ይቅርታ ልንጠይቅ ተሰናድተን ነበር፤ ከአምስቱ አፍ አንድ ቃል አልወጣም። በመጨረሻ አንዳችን «ጋሼ፣ ያ ጥያቄዎ...» ብሎ የ0.99ን ነገር ጀመረ። ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉት። ከዚያም «ማታ ማታ ከላይኛው ፎቅ መብራታችሁን አይ ነበር፤ እንዳልረብሻችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት» አሉን።

ሻይ ጋበዙን። ጠጣን።