ያቺው ቤንትሌይ ናት ወይስ ሌላ?

እ.ኤ.አ. በ1990 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተመለከተው ክርክር ላይ ላዩን ሲታይ የሽያጭ ውል ጉዳይ ነበር። «ኦልድ ነምበር ዋን» የምትባለው የቤንትሌይ የውድድር መኪና በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሸጥ ስምምነት ከተደረገ በኋላ፣ ገዢው ኩባንያ «ይቺ እውነተኛዋ አይደለችም» ብሎ ከውሉ ወጣ። ለዳኛ ኦተን የቀረበላቸው ጥያቄ ግን ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ነው፤ የአንድ ነገር ክፍሎች ተራ በተራ ከተለወጡ፣ የሚቀረው ያው ነገር ነው?

መኪናዋ በ1929 እና በ1930 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፋለች። በሁለቱም ጊዜ ካሽከረከሯት አንዱ ዉልፍ ባርናቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መልኳም ውስጧም ተለዋወጠ። በ1932 በብሩክላንድስ ስትወዳደር የነበራት ሞተር ባለ 8 ሊትር ሲሆን፣ ለ ማን ላይ የሮጠችበት አይደለም። በዚያ ውድድር ከመንገዱ ተዳፋት አልፋ ወጣችና ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ባርናቶ የተረፈውን አሠርቶ የመንገድ መኪና አደረጋት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አዳሾች የውድድር መልኳን መለሱላት። ዳኛው ማስረጃውን አገላብጠው ሲያዩ፣ ከ1929ዋ መኪና የቀረ ነገር የለም ለማለት ይቻል ነበር። ከ1930ዋ የተረፉት የፔዳል ዘንግ፣ የካምቢዮ ቤትና የመሪ ዘንግ ብቻ ነበሩ።

ያም ሆኖ ለሻጩ ፈረዱ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ መኪናዋ ጠፍታ በምትኳ ሌላ የቆመችበት ጊዜ የለም። እያንዳንዱ ለውጥ የተሠራው ታሪኳ ሳይቋረጥ በዚያችው መኪና ላይ ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን በአዲስ እየተኩ ለዘመናት ጠብቀዋታል፤ ፈላስፎቻቸውም በእሷ ሰበብ ለሁለት ተከፍለዋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ጥያቄውን አከበደው። አንድ ሰው የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራባቸውስ? አሮጌ መኪና ለሚያድሱ ሰዎች ይህ የምናብ ጨዋታ አይደለም። የተጣለ ሻንሲ አንዱ ጋራዥ ያነሣዋል፣ የቀረው አካል በሌላ እጅ ይታደሳል፤ ከዓመታት በኋላ ለአንድ የሻንሲ ቁጥር የሚከራከሩ ሁለት መኪኖች ይገኛሉ።

የኢትዮጵያ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳው በድንጋይ ቢተካ ደብሩ ያው ደብር ነው፤ ታቦቱ አለና። ምእመናኑ ግድግዳው አዲስ ስለሆነ «ይህ የአባቶቻችን ደብር አይደለም» አይሉም። መኪና ግን እንዲህ ያለ የተቀደሰ ማዕከል የላትም። ሞተሩ ይቀየራል፣ አካሉ ይቀየራል፣ ሻንሲው ራሱ ይቀየራል። ያቺው የሚያሰኛት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ታሪኳ ብቻ ነው፤ ታሪክ ደግሞ የሚቆመው በምስክር ነው። ስለዚህ የዳኛው ፍርድ ትክክል ሆኖ ሳለ በአዳሹ ላይ ከባድ ግዴታ ይጥላል። የለወጠውን የሚደብቅ ሰው ያጠፋው የዋጋ ግምትን ብቻ አይደለም፤ መኪናዋን ያቺው መኪና ያደረጋትን ነገር ራሱን ነው።

ምስክርነት በማሳመርም ይጠፋል። በ2009 ከማጆሬ ሐይቅ ሥር አንዲት የ1925 ቡጋቲ ወጣች። ከ70 ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ ስለቆየች አካሏ በዝገት ተበልቷል። በጥር 2010 ፓሪስ ላይ በ260,500 ዩሮ ተሸጠች፤ የገዛት የካሊፎርኒያው የሙሊን ሙዚየምም ሳያድሳት እንዳለች ለእይታ አቀረባት። ብትታደስ ኖሮ አብረቅራቂ ቡጋቲዎች ላይ አንዲት ትጨመር ነበር፤ የሐይቁ ዘመን ግን አብሮ ይፋቅ ነበር። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ከማደስ ይልቅ ጠብቆ ማቆየትን ያስቀድማል፤ የተሠራው ሁሉ እንዲመዘገብም ይጠይቃል።

ጥያቄው ለሚሊዮን ፓውንድ መኪኖች ብቻ አይደለም። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቱ እስኪቆም ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች፤ የአንዷ በር ለሌላዋ ይገጥማል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ የሚያሳድስ ሰው ግን ከሚሊዮኖቹ ውስጥ የሚፈልገው አንዷን ነው፤ በልጅነቱ የተሳፈረባትን። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል እንጂ የተበየደውን ወለል፣ ከሌላ ቮልስ የመጣውን ኮፈን፣ ከስቱኮው በታች ያለውን የመጀመሪያ ቀለም አይናገርም። ይህን የሚያውቁት ላሜራ ሠሪውና ባለቤቱ ናቸው። ሥራው ሲጀመር አንድ ደብተር ቢከፈት፣ ቀለሙ ሳይፋቅ ፎቶ ቢነሣ፣ የወለቀውም ዕቃ ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት ቢመዘገብ፣ ደብተሩ ከሊብሬው ጋር ለቀጣዩ ባለቤት ሊተላለፍ ይችላል።