አከርካሪ፦ መቆምና መስገድ

የሰው አከርካሪ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ ጭራ አጥንት የሚወርድ የአንጓዎች ሰንሰለት ነው። ሕፃን ሲወለድ 33 ገደማ አንጓዎች አሉት። ከላይ ያሉት 24ቱ ማለትም 7 የአንገት፣ 12 የደረትና 5 የወገብ አንጓዎች ዕድሜ ልክ ይንቀሳቀሳሉ። ከሥራቸው ያሉት 5ቱ ሰው ሲያድግ ተጋጥመው ዳሌን ያያይዛሉ፤ የመጨረሻዎቹ 4 ገደማ ደግሞ ጭራ አጥንት ይሆናሉ። በሚንቀሳቀሱት አንጓዎች መካከል ያሉት ዲስኮች ጫናን ያበርዳሉ። ሰው ቀን ሲቆምና ሲሸከም ከዲስኮቹ ውሃ ጥቂቱ ስለሚወጣ ማታ ከጧቱ ትንሽ ያጥራል፤ ተኝቶ ሲያድር ይመለሳል።

አከርካሪ ሦስት ዋና ሥራዎች አሉት። የላይኛውን አካል ይሸከማል፤ ጎንበስ ቀና ማለትን ያስችላል፤ በመሐሉ ባለው ቦይ ህብለ ሰረሰርን ይጠብቃል። ከህብለ ሰረሰር የሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች አንጎልን ከእጅ፣ ከእግርና ከውስጥ አካላት ጋር ያገናኛሉ። ጥንካሬና መታጠፍ በአንድ አካል መገናኘታቸው የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፦ የሰው ክብር በመቆሙ ነው ወይስ በመስገዱ?

ቀጥ ብሎ መሄድ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከአርሲዋ ከተማ ከአቦምሳ በስተሰሜን የሚያልፈው አዋሽ ወደ አፋር ወርዶ ሐዳርና ዲኪካ ይደርሳል። በ1974 እ.ኤ.አ. ቅሪተ አካሏ ሐዳር ላይ የተገኘው ሉሲ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግር ትሄድ ነበር። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ደግሞ እንደ ዛሬው ሰው 12 የደረት አንጓዎች ነበሯት። ሆኖም መቆም ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ይጀመራል። ጨቅላ ጀርባው ወደ ፊት እንደጎበጠ ይወለዳል፤ የአንገቱ ኩርባ አንገቱን ሲያቀና፣ የወገቡ ደግሞ ሲቆምና ሲራመድ ይጎላል።

ይህ ቀና ያለ አካል በአርሲ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት ያጎነብሳል። ሙስሊም በቀን በሚሰግዳቸው አምስት የግዴታ ሶላቶች 17 ረከዓ (የሶላት ዙር) አሉ። በእያንዳንዱ ረከዓ ለሩኩዕ ጀርባውን አስተካክሎ ያጎነብሳል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥሎ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሁለት ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል። ከሩኩዕ ተነሥቶ ሳይረጋ ወደ ሱጁድ መጣደፍ ሶላትን ያጎድላል። ኦርቶዶክሳዊው በሰሙነ ሕማማትና በስቅለት ደጋግሞ ወድቆ ይነሣል፤ በበዓለ ሃምሳ ግን ትንሣኤን ለማክበር ስግደት የለም። በሁለቱም ሥርዓት መነሣት እንደ መውደቁ የአምልኮው አካል ነው። ለማን እንደሚሰገድም ተለይቷል፦ በእስልምና ሱጁድ ለአላህ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ለፈጣሪ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት ለቅዱሳን ከሚሰጠው የጸጋ ስግደት ትለያለች። የአጥንቱ እንቅስቃሴ አንድ ሆኖ ትርጉሙን የሚለየው የሰጋጁ ልብ ነው።

ሳይፈቅዱ መጉበጥ ሌላ ነገር ነው። የአከርካሪ ቲቢ የአንጓዎችን የፊት ክፍል በልቶ ሲያፈርስ ጀርባ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ህብለ ሰረሰር ከተጫነም እግር ሊሽመደመድ ይችላል። በወራት የመድኃኒት ሕክምና የሚድን በሽታ ነውና በጊዜ የተደረሰለት ልጅ ከመጉበጥ ሊተርፍ ይችላል። ከባድ የማገዶ ሸክም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚጫናቸው ሴቶችም ወገባቸው ሊጎዳ ይችላል። ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 13 ለ18 ዓመት የጎበጠች ሴት በሰንበት ቀና እንዳለች ይናገራል። ቀና ስትል ያደረገችው እግዚአብሔርን ማመስገን ነው።

ስለዚህ መቆምና መስገድ አይጣሉም። የሰው ክብር ወዶ መጎንበስና መልሶ ቀና ማለት መቻሉ ላይ ነው። በሕመም ወይም በእርጅና መጎንበስ ያቃተው ሰውም ከዚህ ክብር አይጎድልም፤ እስልምና ተቀምጦ ወይም ተኝቶ እንዲሰግድ ይፈቅድለታል፣ ቤተ ክርስቲያንም ከአቅሙ በላይ አትጠይቀውም። ለፈጣሪ የሚሰግድ ሁሉ ግን የሌላውን ጀርባ በግድ የሚያጎብጠውን ሸክምና በሽታ ማንሣት ግዴታው ነው፤ ስግደት የፈቃድ ሥራ እንጂ በግድ መጉበጥ አይደለምና።