የዘበኛ ታማኝነት እስከ ምን ድረስ ነው?

የባለሥልጣንን ሕይወት ለመጠበቅ የቆመ ሰው ከባድ አደራ ተቀብሏል። ጥይት በመጣ ጊዜ ደረቱን ለመስጠት ቈርጦአል። ነገር ግን ሕይወቱን ለመስጠት የፈቀደ ሰው ኅሊናውንም አብሮ አስረክቧልን?

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ከሳኦል ቤት ሁለት ምስክር ያቀርብልናል። ሳኦል ተቈጥቶ የኖብን ካህናት እንዲገድሉ ዘበኞቹን ባዘዘ ጊዜ፥ እነርሱ እጃቸውን በእግዚአብሔር ካህናት ላይ ለማንሣት እንቢ አሉ። ሰይፉን የመዘዘው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው። በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ ታማኝ መስሎ የታየው እርሱ ነበር፤ ዳሩ ግን የታመነው ለንጉሡ ቍጣ እንጂ ለንጉሡ አልነበረም። ሳኦልን ከንጹሕ ደም ሊያድኑት የሞከሩት እንቢ ያሉት ናቸውና።

ኋላም አበኔርና ሠራዊቱ ተኝተው ሳሉ፥ ዳዊት በሌሊት ከሰፈራቸው ገብቶ የሳኦልን ጦርና የውኃ ዕቃ ወሰደ። ከተራራም ራስ ላይ ቆሞ፥ ጌታውን ስላልጠበቀ አበኔርን ወቀሰው። ይህን የጠየቀ ንጉሡ የሚያሳድደው ሰው መሆኑን እናስተውል። ዘበኛን ስለ አደራው መጠየቅ እንግዲህ የጠላትነት ሥራ አይደለም።

በዘመናችንም ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ ተነሥቷል። ሴክሬት ሰርቪስ የተባለው መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓ/ም ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትን ለመከታተል ተቋቋመ፤ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1901 ከተገደሉ በኋላ ፕሬዚዳንቶችን የመጠበቅ ሥራ ተረከበ። ዘበኞቹ የሚምሉት ለሕገ መንግሥቱ ነው፤ ዛሬ አንዱን፥ ነገ ተቀናቃኙን ይጠብቃሉና። በጃኑዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝብ የምክር ቤቱን ሕንፃ ጥሶ ገባ። የዚያን ቀንና የዋዜማው የዘበኞቹ የስልክ መልእክቶች እንደ ጠፉ የመንግሥት መርማሪ በ2022 ለምክር ቤቱ አስታወቀ። መሥሪያ ቤቱም ስልኮች ሲለወጡ የጠፉ ናቸው እንጂ ሆን ተብሎ አልተደረገም አለ። እኛ በዚህ አንፈርድም፤ ነገር ግን መዝገብ ሲጠፋ ንጹሑም ሰው ንጽሕናውን የሚያስረዳበትን ያጣል። በጁላይ 13 ቀን 2024 ደግሞ በበትለር ከተማ ዶናልድ ትራምፕ በጥይት ቈሰሉ፤ ሊሰማቸው የመጣ አንድ ሰውም ሞተ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም በምክር ቤት ፊት ጥፋቱን አምነው ከሥራቸው ለቀቁ።

እንግዲህ ታማኝነትና ተጠያቂነት ተቃራኒዎች አይደሉም። ለጌታው ሕይወት የማይተኛ፥ ለጌታው ቍጣ የማይታዘዝ፥ ስለ ሥራው ሲጠየቅ የማይሰወር፥ እርሱ ታማኝ ዘበኛ ነው። የንስሐ አባቶች ሆይ፥ መሣሪያ የያዘ ልጃችን መጥቶ፥ ታዝዤ ያደረግሁት ነው ቢለን፥ በትእዛዙ ብቻ አናጽናናው። በኋለኛው ቀን በእግዚአብሔር ፊት መልስ የሚሰጠው አዛዡ ብቻ እንዳልሆነ በፍቅር እናስታውሰው።