ሕግ የያዘው እጅ

የአንበሳሜ ልጆች፣ ከእናንተ መካከል ውትድርና የሚያምረው አለ፤ ጋዜጠኛ ልሁን የሚል አለ፤ አንድ ቀን የደራን ሕዝብ ወክዬ ምክር ቤት እገባለሁ የሚልም አይጠፋም። ሦስቱም የክብር ሥራ ናቸው። አንድ ሰው በየተራ ሦስቱንም ሊሠራቸው ይችላል። ግን ስሙኝ፤ መሣሪያ በያዘ ጊዜ ራሱን ያልገዛ ሰው፣ ብዕር ቢይዝም አይታመንም፣ ሕግ አውጣ ቢባልም ለራሱ የሚመች ሕግ ነው የሚያወጣው። ይህን ምክር በባዶ ሜዳ አልሰጣችሁም፤ ሁለት ሰዎችን ላሳያችሁ።

አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። ሌላው ከዐባይ ማዶ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ሐዲስ በራስ እምሩ ሥር ሽሬ ግንባር ተዋጉ። ስንዱ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከሽሬ በኋላ ወደ ምዕራብ ያፈገፈገው የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ መውጫ አጥቶ እጁን ሰጠ። ሁለቱም ወጣቶች ተማርከው ባሕር ተሻግረው ጣልያን አገር ታሰሩ።

ስለ ጥቁር አንበሳ በትምህርት ቤት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ደንቡን ግን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ብዙዎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤትና ከውጭ አገር ትምህርት የመጡ ወጣቶች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ አዲስ አበባ ተይዛለች፤ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ዳኛ የለም። በዚያ ሰዓት ተቀምጠው ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሰቃይ፣ የጦር አዛዡም ከፖለቲካው አመራር በታች እንዲሆን ወሰኑ። ጦርነቱ አልቀናቸውም። ያም ሆኖ ስማቸው ንጹሕ ሆኖ የቀረው በዚያ ደንብ ነው።

ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችሁ ጦር ሰብቀው እንኳ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካላቸው እጃቸውን ያቆሙ ነበር። ያቆማቸው የሰውዬው ጉልበት አይደለም፤ እሱማ ባዶ እጁን ነው፤ ያቆማቸው የሕግ ስም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፦ መለዮ ብትለብሱ፣ ዱላም ብትይዙ፣ ከመያዛችሁ በፊት «ይህንስ አላደርግም» የምትሉትን ቁረጡ። ጥይት ከጮኸ፣ ደም ከፈላ በኋላ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ሁለተኛው ስለ ብዕር ነው። ሐዲስ የዘመቻውንና የእስራቱን ታሪክ «ትዝታ» ብለው ያሳተሙት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከሽሬ ውጊያ 57 ዓመት በኋላ። ከዚያ አስቀድሞ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ ሰጥተውናል። ያን መጽሐፍ ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ፊታውራሪውን ጀግና አድርጎ ቢጽፍ ማን ይፈርድበት ነበር? እሳቸው ግን ፊታውራሪ መሸሻን ከነትዕቢታቸው ሣሏቸው። ግብር በዛብን ብለው ከፊታውራሪው ጋር የተጋጠሙትን ባላገሮች አቤቱታም አሰሙን። መኳንንቱን ከሩቅ አላዩአቸውም፤ ከእነሱ ጋር ዘምተዋል። ለወገን ማድላት ቀላል በነበረበት ቦታ አላደሉም።

ዛሬ እያንዳንዳችሁ በኪሳችሁ ማተሚያ ቤት ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ያላያችሁትን አየን አትበሉ። የሰማችሁትን «ሰማሁ» ብላችሁ ጻፉ። ወገናችሁ ያጠፋውን ከሌላው ጥፋት እኩል ካልጻፋችሁ አዝማሪ ናችሁ እንጂ ጋዜጠኛ አይደላችሁም፤ አዝማሪ እንኳ ጌታውን በቅኔ ይወጋል። እንደ ሐዲስ 57 ዓመት መቆየት የለባችሁም፤ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ማደር ግን አያቅታችሁም።

ሦስተኛው ስለ ምክር ቤት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ከእስር ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1942 «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ ሲፈቅድ ተወዳደሩ፤ በ1950 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆኑ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ሐዲስም ከአምባሳደርነትና ከሚኒስትርነት በኋላ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጡ። ፓርቲ የማይፈቀድበት፣ ንብረት የሌለው የማይወዳደርበት፣ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙበት ዘመን ነበር። ጠባብ በር ነው። ወይዘሮ ስንዱ በዚያ ጠባብ በር ገብተው ለሴቶች መብት ተከራከሩ እንጂ በሩ ይስፋልኝ ብለው ውጭ አልቆሙም።

ግን ምክር ቤት ገበሬውን ካልሰማ ምን እንደሚመጣ ከማዶ አይተናል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታወጀው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ጎጃም ሲደርስ፣ ባላገሩ ርስቴ ሊለካ፣ ሊነጠቅ ነው ብሎ ሞጣና ቢቸና ላይ ጠመንጃ አነሣ። ጦር ዘመተበት፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻ መንግሥት የዓመታት ውዝፍ ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ገበሬውን አስቀድሞ ጠይቆ ማድረግ የሚቻለው ነገር በደም ተደረገ። የጭሰኛውና የባለመሬቱ ሕግም በምክር ቤቱ ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። ሕግ ሲዘገይ ጠመንጃ ይቀድመዋል፤ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤታችን ተማሩት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በሐሙሲት አድርጋችሁ ባሕር ዳር ለትምህርት የምትሄዱትም፣ እዚሁ አርሳችሁ የምትኖሩትም፣ ሥልጣን እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ የተወሰነውን በደብተር ያዙ፤ ያልተፈጸመውን በሚቀጥለው ስብሰባ ስም ሳታጠፉ ጠይቁ። ሽማግሌ ጠብ ሲያስታርቅ አጠገቡ ቁጭ በሉና የሁለቱንም ወገን ቃል እንዴት እንደሚያስጨርስ እዩ። ከወንድማችሁ ጋር በድንበር ስትጣሉ ዳኛ ቢፈርድባችሁ ተቀበሉ፤ ካልተስማማችሁ ይግባኝ በሉ እንጂ ዱላ አታንሱ። በገዛ ድንበሩ ላይ ለፍርድ ያልታዘዘ ሰው ለሌላው ሕግ እንዲያወጣ አንመርጠውም።