ለነገ የማይተርፍ ማዕድ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን የታላቅ ወንድሜ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሣች። 80 ቀኗ ነው። ቅዳሴው ደርሶ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ እናቷ አቅፋት ቀረበች፤ ካህኑና ዲያቆኑ አቀበሏት። ከእሷ ኋላ ማን እንደቆመ አየሁ። ሌሎች ሕፃናት፣ ከእነሱ ቀጥሎ ነጠላ ያጣፉ አሮጊቶች፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌዎች። በመካከል ያለው ዕድሜ፣ ማለትም የእናንተ ዕድሜ፣ ከኋላ ቆሞ ያያል። እናቲቱም ልጇን አስቆርባ ራሷ ሳትቀበል ተመለሰች።

ልወቅሳችሁ አይደለም፤ እኔም ሠላሳ ዓመት እንደዚያው ቆሜአለሁ። «ሳረጅ እቆርባለሁ» እል ነበር። በአገራችን ነገሩ ከጋብቻ ጋር ተቆራኝቷል። በቁርባን የተጋባ አይፋታም ስለሚባል ሰዉ መጀመሪያ በሰማንያ ይጋባል፤ ትዳሩ ከጸና፣ ልጆቹም ካደጉ በኋላ «እስቲ እንቁረብ» ይባላል። ብልሃት ይመስላል። እኔና ባለቤቴም በዚሁ ብልሃት ኖረናል። ዛሬ ሳስበው ግን ነገሩን የገለበጥነው ይመስለኛል፤ ትዳር የሚበረታበትን ምግብ ትዳሩ ከበረታ በኋላ እንበላለን ብለን አስቀመጥነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ባለው ቤተልሔም ለቁርባን የሚጋገረው ኅብስት ግን አይቀመጥም። የዕለቱ ለዕለቱ ነው፤ ከቅዳሴ ተርፎ አያድርም፣ እዚያው ይፈጸማል። ወይኑም ከዘቢብ ለዚያው ቅዳሴ ይዘጋጃል። ለእርጅና የሚቆይ የለም።

ደግሞም አንድ ቄስ የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት፣ በድምሩ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ። በገጠር ደብር ያደገ ሰው ዲያቆን ጎድሎ ወደ ጎረቤት ደብር የተላከበትን ማለዳ አይረሳም። በወጣትነቴ ይህን የካህናት ድርቅና አድርጌ እቆጥረው ነበር። ወደዚህ ማዕድ ማንም ብቻውን አይቀርብም ለማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ያውም በራሴ ላይ ደርሶ።

ከዚሁ ታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን 9 ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። የምናስቀድሰው ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሱ በአንዱ ጥግ፣ እኔ በሌላው። ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ሲያዝ እኔ ለማላውቀው ሰው አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ፤ ወንድሜም እንዲሁ ከአጠገቡ ላለው።

ኋላ ዕድሜም ገፋ፣ ልቤም ተነሣሣ መሰለኝ፣ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ መቁረብ እፈልጋለሁ አልኩ። ስለ ጾሙ ነገሩኝ፤ 18 ሰዓት ነው፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት የሚቆርብ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ውኃ አይቀምስም። «እሱ አያቅተኝም» አልኩ። እሳቸውም «ከወንድምህ ጋርስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እንግዲያው ሂድና ና» ብለው አሰናበቱኝ። ስግደት ቢያዙልኝ፣ ገንዘብ ለነዳያን ስጥ ቢሉኝ ደስ ባለኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ለወራት በደጃቸውም አላለፍኩም።

በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሞ አየንና «ቡና ሊፈላ ነው፣ ግቡ» አለ። ሌላ ነገር የተባለ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቤቱ ጉዳይ በዚያ ቀን አላለቀም፤ እስከ ዛሬም አከፋፈሉ ልክ ነበር አልልም። ቂሙ ግን በዚያ ቡና ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው የቆረብኩት፤ ባለቤቴም አብራኝ።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎችን የገሠጻቸው ለዚህ ይመስለኛል። ባለጸጎቹ ቀድመው መጥተው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ድሃው ሲደርስ ይራባል። ይህን እያደረጉ የጌታን እራት በልተናል ይሉ ነበር። እሱ ግን ይህ የጌታ እራት አይደለም አላቸው። ሳይገባው የሚበላ ሰው ዕዳ እንዳለበት የጻፈውም በዚያው መልእክት ነው። እኛ ያንን ቃል ስንሰማ የሚታወሰን ሥጋዊ ኃጢአት ብቻ ነው። የተራበውን ጎረቤትና የተኮረፈውን ወንድም ማን ያስታውሳል?

እንዲያው በድፍረት ግቡ አላልኳችሁም። «አልበቃሁም» ማለት ግን ትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ከወንድሜ ጋር ከተጣላን ወዲህ ያልኩት ቤቱ ላለመሄድ ነው። ያለ ጋብቻ ከሰው ጋር የምትኖሩም ብትሆኑ፣ በሰማንያ ተጋብታችሁ የቆያችሁም ብትሆኑ፣ ለካህን እንዳለ ተናገሩ። ካህን ያልሰማው ነገር የለም። የሚያዋጣችሁን እሳቸው ይነግሯችኋል።

ንስሐ አባት የሌላችሁ በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቆይታችሁ አንዱን ካህን አነጋግሩ። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ግን እሑድን አትጠብቁ፤ አስቀድማችሁ ወደ እሱ ሂዱ።