ለእርጅና የሚበቃ ጫካ

ስለ አዳኝና ማር ቆራጭ ሕዝቦች ሲነሣ ብዙ ሰው «ዕድሜያቸው አጭር ነው» ብሎ ያልፋል። እንዲህ የሚያሰኘው የአማካይ ስሌት ነው። በሕፃንነት የሚሞቱት ሲበዙ አማካዩ ይወርዳል፤ ሽበት ያየ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ማይክል ገርቨንና ሂላርድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ውስጥ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በብዛት የሚሞትበት ዕድሜ 72 ዓመት ግድም መሆኑን አሳይተዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በእነዚያ ክፉ ዓመታትም አያት ያለበት ቤት ብዙ ነበር።

ስለዚህ ዓመት መቁጠሩ ብቻውን አይበቃኝም። ሰው ሸምግሎ ምን ይሠራል?

በቴፒ ዙሪያ፣ በሸካና በማጃንግ ደኖች ውስጥ ቻቡዎች ይኖራሉ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ቋንቋቸው ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመደብ ምሁራን ገና አልተስማሙም። የኑሯቸው መሠረት አደንና ማር ነበር፤ ዛሬ እርሻም ይዘዋል። ሳሙኤል ጅሎ ዲራና ባሪ ሂውሌት የቻቡ ጎረምሶች በጦር ማደንን እንዴት እንደሚማሩ አጥንተዋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ማደግ በልደት ቀን አይለካም። ልጅ ከታላላቆቹ ኋላ እየተከተለ ዱካ መለየት ይለምዳል፣ ጦር ይይዛል፣ አንድ ቀን ሌሎች ይከተሉታል። ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ የሚያውቀው ይቀረዋል፦ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ ንብ ወደ የትኛው ቀፎ እንደሚገባ፣ ዝናብ በዘገየ ዓመት ምን እንደሚበላ። ሽማግሌው የሚከበረው ስለሚፈለግም ጭምር ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ርቀው በሚኖሩት ሱሪዎች ዘንድ መንገዱ ሌላ ነው። ወንዶቹ በዕድሜ መደብ ተሰባስበው ያልፋሉ፤ ወጣቶቹ ሮራ ወደሚባለው፣ ማኅበረሰቡን ወደሚመራው መደብ የሚሸጋገሩበት ሥርዓት የሚደረገው በሃያና በሠላሳ ዓመት አንዴ ነው። ማንም ብቻውን ወደ ሽምግልና አይገባም፤ ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃል፣ ከእነሱ ጋር ይሻገራል። ከተማ ውስጥ በየቤቱ ብቻውን ለሚያረጅ ሰው ይህ ምን ያህል የሚያስቀና እንደሆነ ሳስብ ልቤ ይነካል።

ወደ ቻቡዎች ልመለስ፦ ደናቸው በቡናና በሻይ እርሻ፣ በሰፈራም እየሳሳ መጥቷል። ቡናው ለአገር እንጀራ ነው፤ የሰፈረውም ሰው ችግር ነድቶት የመጣ ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አላነሣሁትም። ጎልማሳው ቡና ለቀማ ሊገባ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል። ሽማግሌው ግን ሌላ ሙያ የሚጀምርበት ጊዜ የለውም። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሲቆረጥ ስለዚያ ዛፍ የሚጠይቀው ሰው ያጣል፤ እሱ በሕይወት እያለ። ይህን ሞት የትኛውም የዳሰሳ ቅጽ አይመዘግበውም፤ እኔ ግን ከሞት እቆጥረዋለሁ።

ዩኔስኮ የሸካን ደን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የማጃንግን ደግሞ በ2017 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ለዛፉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጥብቁን ክልል ወሰን የሚያሰምረው ባለሙያ ግን ከአንድ የቻቡ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ይህን ቢጠይቅ እመኛለሁ፦ «አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ይዘው የሚገቡት በየት በኩል ነው?»